ከጎንደር ወጣ ስትሉ ውሻውን፣ ድመቷንና ዶሮዎቹን ለማን ትተዋላችሁ?

ለፋሲካ ገጠር ዘመድ ጋ፣ በክረምት አዲስ አበባ፣ ለሠርግ ባሕር ዳር የሚሄድ ቤተሰብ ልብስና ስንቅ ሲያሰናዳ ሳምንት ይፈጅበታል። ለውሻው ግን በመጨረሻዋ ማታ ጎረቤት ይጠራና «አደራ፣ ምግብ ጣል እያደረጋችሁ» ይባላል። ይህ አደራ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። ጎረቤቱ ታማኝ ቢሆንም ምን መሥራት እንዳለበት የነገረው፣ ያለማመደውም ሰው የለም።

ባለቤቱ በሌለበት ውሻ በረሃብ የሚጎዳው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከሰንሰለትና ከበር ነው። ሊፈታው የሚደፍር ጠፍቶ ሁለት ሳምንት በአንድ ሜትር ሰንሰለት ይከርማል። አለዚያም ማታ ይፈታና ጠዋት መልሶ የሚያስረው ይጠፋል፤ በር ሲከፈት ይወጣል፣ ሰው ይነክሳል ወይም መኪና ይገጨዋል። ስለዚህ እዚህ ከምግቡ ይልቅ በሰው ምርጫውና በማላመዱ ላይ እንረዝማለን። ዝግጅቱ አንድ ወር ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ከአሥር ቀን አይነስ።

ከወር በፊት፦ ክትባት

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አሁንም ሰው የሚገድል በሽታ ነው። አንድ ሰው ውሻችሁን እንዲጠብቅላችሁ ስትጠይቁ የመነከስ አደጋውንም አብራችሁ እያሸከማችሁት ነውና ያልተከተበ ውሻ አደራ አትስጡ። የመጀመሪያው ክትባት ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ በቂ መከላከያ የሚያበጀው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ በመንገድ ዋዜማ ማስከተብ ለዚያ ጉዞ አይጠቅምም። ድመትም ይህን ክትባት ትወስዳለች፤ ብዙ ሰው ይረሳታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ስላለው በከተማዋ ባለሙያ ማግኘት ይቻላል። ስታስከትቡ የክሊኒኩን ስልክ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚሠራ መሆኑን፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ መኖሩንም ጠይቁ። የትል መድኃኒቱንና የመዥገርና የቁንጫ መከላከያውን በዚያው ቀን ጨርሱ።

ዶሮ ካላችሁ የፈንግል ክትባታቸው ጊዜው አልፎ እንደሆነ ተመልከቱ። ካለፈ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይሰጣቸው።

ሴት ውሻ ካለቻችሁ ወንድ የምትፈልግበትን ጊዜ አስሉ። በአማካይ በየስድስት ወሩ ይመጣና ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ከጉዞው ጋር ከገጠመ የሰፈሩ ወንድ ውሾች በር ላይ ያድራሉ፣ ይናከሳሉ፣ አጥርም ይዘላሉ። በዚያ ሳምንት አዲስ ሰው ላይ ጥሎ መሄድ ከባድ ነውና ጉዞውን መግፋት ወይም ልምድ ያለው ሰው መፈለግ ይሻላል።

አደራ ተቀባዩ ማን ይሁን?

በእኛ ምርጫ አንደኛው እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ተከራይ ነው። ውሻው ሽታውን ያውቀዋል፣ ሌሊት ሲጮህ ይሰማዋል፣ በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ሁለተኛ ውሻው ቀድሞ የለመዳት የቤት ሠራተኛ ወይም ዘመድ። ሦስተኛ የአጥር ጎረቤት። የእንስሳት ሕክምና ተማሪም ጥሩ ነው፤ በፈተና ሰሞንና በክረምት ዕረፍት ግን ወደ አገሩ ይሄዳል። ለእናንተ ጉዞ ብቻ የሚቀጠር አዲስ ዘበኛ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ከመውጣታችሁ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሥራ ይጀምር።

ማንም ይሁን፣ ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ እነዚህን በግልጽ ጠይቁ።

ውሻ ይፈራል ወይ? «ኧረ ችግር የለም» ማለት መልስ አይደለም፤ ሲቀርበው እዩት። እሱ ራሱ በዚያው በዓል አገር ቤት ይወርዳል ወይ? በዓል ሲደርስ ግማሹ ሰፈር እንደሚወጣ እየታወቀ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል። በጾም ሥጋ መቀቀል፣ በቤቱ ድስት ሥጋ ማስገባት ያስቸግረዋል ወይ? ከእምነቱ የተነሳ የውሻ ምራቅ መንካት አይሻ ይሆን? የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በይሉኝታ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁ ሰውየው እንቢ ማለት አፍሮ ይቀበላል፣ ውሻውም ደረቅ እንጀራ ሲበላ ይከርማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የውሻው ብቻ የሆነ ድስት፣ ጭልፋና ረጅም እጀታ ያለው ሳህን ትታችሁ ሂዱ፤ ለጾሙም ከታች የምንለውን ያለ ሥጋ ስንቅ አዘጋጁ።

አንድ ሰው ብቻ አይበቃም። ተጠባባቂ ሁለተኛ ሰው ያዙ፣ እሱም በእግር የሚደርስ ይሁን። አዘዞ ያለ ዘመድ ማራኪ ሰፈር ላለ ውሻ ተጠባባቂ ሊሆን አይችልም፤ ባጃጅ በማይገኝበት ሌሊት አይደርስም።

ማላመድ፦ ከጉዞው አሥር ቀን በፊት

ቀን 1 እና 2። ምግቡን እናንተ ስጡ፣ አደራ ተቀባዩ ከሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ይቁም። ዓይን ዓይኑን አይየው፣ ፊት ለፊት አይምጣበት፣ ጎኑን ሰጥቶ ይቁምና ስሙን ዝግ ባለ ድምፅ ይጥራ።

ቀን 3 እና 4። ሳህኑን እሱ ያስቀምጥ፣ እናንተ ቁሙ። ውሻው መብላት ከጀመረ በኋላ ሳህኑን መንካት፣ ከኋላ መጠጋት፣ ጀርባውን መደባበስ ክልክል ነው። ብዙ ንክሻ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው «ለምዶኛል» ብሎ ይዘናጋል። ባዶው ሳህን የሚነሳው ውሻው ከራቀ በኋላ ነው።

ቀን 5 እና 6። መፍታትና ማሰር። ሰንሰለቱን ከአንገት ማሰሪያው ጋር የሚያገናኘውን መቆለፊያ በአንድ እጅ የሚከፈት አድርጉት፤ በገመድ የተቋጠረን ሰው ሲፈራ ሊፈታው አይችልም። ጠዋት መልሶ ለማሰር ውሻውን ማሳደድ አይሠራም። የጠዋቱ ምግብ ሁልጊዜ በማሰሪያው ቦታ ይቅረብ፤ ውሻው ራሱ ይመጣል፣ ሳህኑ ላይ ከማጎንበሱ በፊት ይታሰራል። ይህን አደራ ተቀባዩ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ያለ እናንተ እርዳታ ሊሠራው ይገባል።

ቀን 7 እና 8። ከግቢ ውጡ። መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ቀጥሎ ሙሉ ቀን።

ቀን 9። ሌላ ቤት እደሩ። የውሻ ጠባይ የሚለወጠው በሌሊት ነውና ይህቺ አንዲት ሌሊት የሌሎቹን ቀናት ያህል ትነግራችኋለች። አሥረኛዋ ቀን የተበላሸውን ለማስተካከል ትቅር።

በስድስተኛው ቀን ውሻው አሁንም ጥርሱን የሚያሳይ ከሆነ ሰውየውን አታስገድዱት። ወደሚቀጥለው አማራጭ እለፉ።

ሰው ሳይጠጋ ሊኖር የሚችልበት አጥር

በግቢው ጥግ በሽቦ ወንፊት ወይም በእንጨት ቢያንስ 3 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ክልል አበጁ። ከታች 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መክፈቻ ተዉለት፤ ሳህን በእንጨት ገፍቶ ለማስገባትና ለማውጣት ይበቃል። ውሃው ከውጭ በቱቦ የሚሞላ ባልዲ ይሁንና እንዳይገለበጥ ከአጥሩ ጋር ይታሰር። ውስጡ ጎጆው ይግባ፤ ወለሉ በድንጋይ ወይም በእንጨት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመሬት ከፍ ካላለ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውሻው ውሃ ላይ ይተኛል። ክልሉን ከጉዞው በፊት ለሳምንት አለማምዱት፤ የመጀመሪያ ቀን የገባ ውሻ ይቆፍራል።

ለዚህ ቦታ ከሌለ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ከ8 እስከ 10 ሜትር ጠንካራ ሽቦ በ2 ሜትር ከፍታ ወጥሩና ሰንሰለቱን በቀለበት አንጠልጥሉበት፤ ውሻው ወዲያ ወዲህ ይላል። ቀለበቱ ወደ ምሰሶው እንዳይደርስ በሁለቱም ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲቀር ማገጃ ይሁንለት፤ ካልሆነ ሰንሰለቱ ይጠመጠምበታል። ከአጥር ግንብ፣ ከደረጃና ከውሃ ታንከር አርቁት። ሰንሰለቱ የግንቡን አናት ካስዘለለው በኋላ መሬት ካላደረሰው ውሻው ታንቆ ይሞታል። የአንገት ማሰሪያው ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን።

ምግብና ውሃ

መንገድ ሊዘጋ፣ በረራ ሊሰረዝ፣ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ስንቁን ከጉዞው ቀን በላይ አምስት ቀን ጨምራችሁ አስሉ። የ14 ቀን ጉዞ የ19 ቀን ስንቅ ይፈልጋል።

ከ20 እስከ 25 ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ ውሻ በቀን 250 ግራም ቅንጬ እና 250 ግራም የተቀቀለ ሳንባ ወይም ሥጋ ጥሩ መነሻ ነው፤ ጠዋትና ማታ ለሁለት ይከፈል። ቅንጬው ብቻ ለ19 ቀን 5 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው ጥሬውን ፈጽሞ አይሰጥ። ከበግና ከከብት ሳንባ ውስጥ የሚገኙት ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የትል እንቡጥ ናቸው፤ ውሻው ሲበላቸው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በኩሱ ወጥቶ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ዕጢ መሰል ቋጠሮ ያበጃል። ከ30 ደቂቃ ያላነሰ መፍላት ይገድለዋል። ይህን ለአደራ ተቀባዩ ምክንያቱን ጭምር ንገሩት፤ በበዓል ቀን በግ ሲታረድ የመጀመሪያው ቁራጭ ለውሻ የሚወረወረው ጥሬውን ነው።

በሁዳዴ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ግን ይሠራሉ። ያም ካልተመቸ እንቁላል (በቀን ሁለት፣ ተቀቅሎ) ከቅንጬው ጋር ይበቃል። ፍሪጅ ላይ አትተማመኑ፤ መብራት አንድ ሌሊት ከጠፋ የሳምንቱ ሥጋ ይበላሻል። ሥጋው በየሦስት ቀኑ እንዲገዛ ገንዘቡን ተዉ። ቅንጬውንና መኖውን ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ አስቀምጡ፤ የሻገተ እህል ውሻም ዶሮም ይገድላል።

የወጥ ትራፊ ጉዳይ ላይ ጥብቅ ሁኑ። ወጣችን መነሻው ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ፣ መብሰሉም አይቀንሰውም። ለድመት በኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ይበቃል፤ 3 ኪሎ የምትመዝን ድመት 15 ግራም ሽንኩርት ብቻ ይጎዳታል ማለት ነው። ውሻ የበለጠ ይችላል፣ ግን በየቀኑ ወጥ የነካው ፍርፍር ሲበላ ይጠራቀምበታል። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና የጠላ አተላም አይሰጡ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ውሃ ለ25 ኪሎ ውሻ በቀን ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር፣ ለድመት 200 ሚሊ ሊትር፣ ለአንድ ዶሮ ሩብ ሊትር ነው። አንድ ውሻ፣ አንድ ድመትና አሥር ዶሮ በ14 ቀን ለመጠጥ ብቻ ወደ 60 ሊትር ይጨርሳሉ። የውሃ ፈረቃው ሊዘገይ ስለሚችል አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልታችሁ፣ «የእንስሳት» ብላችሁ ጽፋችሁበት ሂዱ።

በርና በዓል

የትኛው በዓል ላይ እንደምትወጡ ቀን ቆጥራችሁ አስቡ። ቡሄ ሲደርስ ጅራፉ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች በየበሩ ያንኳኳሉ። ውሻ ሁለቱንም አይወድም፤ በሩም በዚያች ማታ አሥር ጊዜ ይከፈታል። በከተራና በጥምቀት ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ሌሊቱ በዝማሬና በከበሮ ያልፋል። በእነዚህ ቀናት ውሻው ቀንም ሌሊትም ታስሮ ወይም በክልሉ ውስጥ ይዋል፤ ለልጆቹ የሚሰጠው ሳንቲምና ሙልሙል በር ላይ ተዘጋጅቶ አደራ ተቀባዩ ራሱ ወጥቶ ይስጥ።

የበሩ መቀርቀሪያ ከውስጥ በትክክል የሚይዝ መሆኑን ሞክሩ። ለውሻው የአንገት ማሰሪያ አድርጉለትና ስልክ ቁጥር በማይጠፋ ቀለም ጻፉበት፤ የአደራ ተቀባዩም ቁጥር ይኑርበት። አንገቱ ባዶ የሆነ ውሻ መንገድ ላይ ከተገኘ ባለቤት እንዳለው ማንም አያውቅም። ዳር ሰፈር ከሆናችሁ ጅብ አለና ሌሊት በአጥር ሥር የሚያሾልክ ቀዳዳ ሁሉ በድንጋይ ይደፈን።

ከነከሰ

ይህን አንቀጽ ጽፋችሁ በር ጀርባ ለጥፉት። ቁስሉ ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠል አይደረግበት። የተነከሰው ሰው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ ውሻው የተከተበ ቢሆንም ውሳኔው የሐኪም ነው። ጸበልም ሆነ ባህላዊ መድኃኒት የሚሻ ሰው ከዚያ በኋላ ይሂድ፤ ክትባቱን የሚያዘገይ ግን አይሁን፣ ምክንያቱም ምልክት ከታየ በኋላ በሽታው የሚድን አይደለም። ውሻውን አትግደሉት፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈም። ክትባቱ የት እንደሚገኝ ከመውጣታችሁ በፊት አጣሩ፣ የሕክምናውንም ወጪ በፖስታ ለይታችሁ ተዉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ስታዩ «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጅ አፉ ውስጥ መክተት የተለመደ ስህተት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አንዱ መልክ ይኸው ነው። በሩ ይዘጋበትና ባለሙያ ይጠራ።

ድመት

ድመት ቤቷን እንጂ ሰውን አትከተልም፤ ወደ ሌላ ሰፈር ወስዳችሁ ብትተዉአት ተመልሳ ስትመጣ መንገድ ላይ ትጠፋለች። እዚያው ትቆይ። ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ዓሣ ሳትበላ በእንጀራና በሽሮ ብቻ አትኖርም። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች መደበቋ ነው ብለው አይተዉአት፤ ያልበላች ድመት ጉበቷ ቶሎ ይጎዳል። ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል። የአይጥ መርዝ የሚጠቀም ጎረቤት ካለም ቀድማችሁ ለምኑት።

ዶሮ

ለአንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም መኖ፤ ለአሥር ዶሮ በ19 ቀን 23 ኪሎ ገደማ። እንቁላሉ ጠዋትና ከሰዓት ይሰብሰብ፤ ከቆየ ይሰበራል፣ ዶሮዎቹ መብላት ይለምዳሉ፣ የአበሻዋም ትታቀፈዋለች። ከ12 ሰዓት በፊት ይዘጋባቸው፤ ሽለምጥማጥ በጠባብ ክፍተት ሾልኮ ይገባል። ዋናው ግን ይህ ነው፦ አደራ ተቀባዩ ለበዓል ከገበያ የገዛትን ዶሮ እናንተ ግቢ አያሳድር። ፈንግል አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዚህ በር ነው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ቤቱን ባዶ ሊያደርግ ይችላል።

የምትታለብ ላም ካለች ነገሩ ሌላ ነው፤ በቀን ሁለቴ የሚያልብ የታወቀ እጅ ከሌለ አትሂዱ። ሁለት ጊዜ ያልታለበ ጡት ያብጣል።

ወረቀቱና ገንዘቡ

አንድ ገጽ በእጅ ጻፉ፣ ፎቶውንም ላኩ። የእንስሳቱ ስምና ዕድሜ፣ የምግቡ ሰዓትና መጠን በጣሳ ልክ (ግራም የሚመዝን ቤት ጥቂት ነው፤ ጣሳውን አብራችሁ ስጡ)፣ የክትባት ካርዱ ቅጂ፣ የሐኪሙና የተጠባባቂው ስልክ፣ የማይሰጡ ምግቦች። ደግሞም ይህን፦ በስልክ ልትገኙ ካልቻላችሁ እስከ ስንት ብር ሕክምና ሳይጠይቅ ሊያወጣ እንደሚችል። ያ ቁጥር ካልተጻፈ ሰው ፈርቶ ይጠብቃችኋል፣ እንስሳው ይሞታል።

የምግብ ገንዘብና የድካም ዋጋ ለየብቻ ይሁን፤ አንድ ላይ ሲሰጥ ከሥጋው ይቆረጣል። ለቅጥር ሰው ግማሹን ቀድማችሁ፣ ግማሹን በመሃል በቴሌብር ላኩ። ጎረቤት ገንዘብ አልቀበልም ካለ እንቁላሉ የእሱ ይሁን፤ ይህ ስጦታ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ዶሮ ቤቱን የሚከፍትበት ምክንያትም ይሆናል። የደዋዩ ተራ የእናንተ ነው፤ በሦስት ቀን አንዴ በተወሰነ ሰዓት ደውሉና «ደህና ናቸው?» ሳይሆን «ዛሬ ጠዋት ምን ያህል አስተረፈ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስትመለሱ መጀመሪያ አደራ ተቀባዩን ለብቻ አድርጋችሁ «የነከሰው፣ የቧጨረው ሰው አለ?» በሉ፤ ቆጣ ሳትሉ፣ ምክንያቱም የፈራ ሰው ይደብቃል። ከዚያ የውሻውን አንገት ከማሰሪያው ሥር ዳስሱ፤ የተላጠ ቆዳ ካለ ማሰሪያውን አውልቁና በለብ ያለ የጨው ውሃ እጠቡ። ጆሮውን ውስጡን፣ በጣቶቹ መካከል መዥገር ፈልጉ። ምግቡን በዚያ ሳምንት እንደ አደራ ተቀባዩ ሰዓትና መጠን አስቀጥሉ፣ በደስታ ብዛት ሥጋ አታብዙበት፤ የተለወጠ ምግብ ሆዱን ያስቀምጠዋል። ወረቀቱን አትጣሉት፤ የጎደለውን አደራ ተቀባዩ ራሱ በእስክሪብቶ ይጨምርበት።